ከግድግዳው የጎደለው ጣውላ

ቅርስ ነው አሉት። ወላሂ ጆሮዬን ነው የተጠራጠርኩት! ለዘመድ ሠርግ ጎባ ሄጄ፣ እግረ መንገዴን ያደግሁበትን መንደር ልይ ብዬ ብወጣ፣ ሦስት ወጣቶች ሜትርና ካሜራ ይዘው አሮጌውን ትምህርት ቤታችንን ይለካሉ። አንድ ክፍል ብቻ ያለው፣ ቆርቆሮው የዛገ፣ ዛሬ ድርቆሽ የሚከመርበት ቤት ነው። «ምን ፈልጋችሁ ነው?» ብላቸው «ቅርስ ሊሆን ይችላል እማማ፤ እየመዘገብን ነው» አሉኝ። እማማ መባሉ ራሱ አናዶኛል፤ እሱን ግን ዋጥ አድርጌ ተውኩት።

መዝገብ የያዘው ልጅ ግን ቅር ብሎታል። «ችግሩ ምን መሰለዎት» አለኝ፣ «ቤቱ መጀመሪያ የተሠራው እዚህ አይደለም አሉ። ተነቅሎ ነው የመጣው። ከቦታው የተነሳ ቤት እንደ ቅርስ ዋጋው ይቀንሳል።» ቀጥሎ በሰሜን በኩል ያለውን ግድግዳ አሳየኝ። «ደግሞ ጣውላው ሁሉ ጥድ ሆኖ ይቺ አንዷ ብቻ ባህር ዛፍ ናት። እሷን አውጥተን በጥድ ብንተካት ቤቱ ወጥ ይሆናል።»

«እንዳትነኳት!» ብዬ ጮህኩ። ልጁ ደንግጦ መዝገቡን ለቀቀው። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ፈልጎ ነው መሰለኝ፣ ቢላውን አውጥቶ ጎረቤቷን የጥድ ጣውላ ፋቅ ፋቅ አደረገና «እንጨቱ ግን እንዴት ያለ ነው!» አለ። ያኔ ሽታው ወጣ። ዝናብ የነካው የጥድ ሽታ እንዴት ያለ እንደሆነ የባሌ ሰው ያውቀዋል። ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ለልጆቹ አሳጥሬ ነገርኳቸው፤ እዚህ ግን ሳላሳጥር ልናገረው።

ሦስተኛ ክፍል የነበርኩበት፣ የመንደር ምስረታ የመጣበት ዓመት ነው። ትምህርት ቤቱ ያኔ የነበረው ቡርቂቱ የሚባል ሠፈራችን ውስጥ ነው፤ ከጎባ በላይ ወደ ሳነቴ አምባ ሲወጣ፣ ጥዱ አልቆ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ የሚጀምርበት ጥግ። ጉም ከሰው ጋር አብሮ የሚኖርበት አገር ነው። ጠዋት በር ሲከፈት ሳይጠሩት ይገባል። ቤቱን የሠራው አባቴ ነው። አናጢ ነበር፤ የሠፈሩ ሰው ጥድ እየፈለጠ አመጣለት፣ እሱ ጣውላውን ጠርቦ በእኛው አጥር ሥር አቆመው።

አባቴን ሰው «አባ ከድር»፣ እናቴን «ሃዳ ከድር» ነበር የሚላቸው፤ እኛ ልጆቿ ግን «አዮ» ነው የምንላት። እኛ ጋ ወላጅ በበኩር ልጁ ስም ነው የሚጠራው። ከድር ታላቅ ወንድሜ ነው። ከዚያ ትምህርት ቤት ወጥቶ ጎባ ወርዶ የተማረ የመጀመሪያው ልጅ እሱ ነበር። ገና ትንሽ ሳለ ከበሩ አጠገብ ያለችው ጣውላ ላይ በቢላ «ከድር» ብሎ ስሙን ቀርጾ፣ ቲቸር ታደሰ ግማሽ ቀን አንበርክኮታል። አባቴ ግን ያቺን ጣውላ ባየ ቁጥር ከንፈሩ ላይ ፈገግታ ይመጣበታል፤ በቤታችን መጻፍ የቻለ ሰው ከእሱ በፊት አልነበረማ።

ከድርን ከጎባ ገበያ አፈሱት። ጨው ሊገዛ ወርዶ በዚያው ወደ ጦር ሠፈር፣ ከዚያ ወደ ሰሜን። አንድ ደብዳቤ መጣ፣ ቲቸር አነበበልን። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም። ቆይቶ አንድ እግሩን ያጣ ወታደር ጎባ ገባና አባቴ ሄዶ ጠየቀው። «የእነ ከድር ጦር አልቋል አባባ» አለው፤ «የተረፈ ሰው አላየሁም።»

ቤታችን ውስጥ ጭቅጭቁ ያን ቀን ተጀመረ። አባቴ ሶላተል ጋኢብ ይሰገድለት አለ፤ ሬሳው በሌለበት፣ ርቆ ለሞተ ሰው የሚሰገደው ስግደት ነው። እናቴ አሻፈረኝ አለች።

«በወሬ ልጄን አልቀብርም» አለች።

«ሜዳ ላይ ወድቆ ማንም ያልሰገደበት ልጅ ነው፤ አያሳዝንሽም? ዱዓ ይፈልጋል።»

«ዱዓ አድርግለት፤ ማን ከለከለህ? የሞተ ሰው ስግደት ግን አትስገድበት። አባ ከድር፣ እሱን ከሰገድክ እኔ ከዚያ ወዲያ የማንን በር ነው የማየው?»

እውነቴን ነው፣ ሁለቱም የሚያወሩት ከፍቅር ነበር፤ እኔ ግን ልጅ ነኝና አባቴ ከድርን ሊገድለው፣ እናቴ ደግሞ ልታድነው የሚታገሉ ይመስለኝ ነበር። የሰገዱበት ቀን ነው የሚሞተው ብዬ አምን ነበር።

ጭቅጭቁ ሳያልቅ የቀበሌው ሊቀመንበር ካድሬ አስከትሎ መጣና ሠፈሩ በሙሉ ወደ ሜዳው ውረዱ ተባለ። ቤቱ በገመድ ተለክቶ፣ በሰልፍ ተደርድሮ ይሠራል ተባለ። ቤቱን አፍርሶ ለመሸከም ቀን ያልበቃው ሰው እንዳይመለስበት ቤቱ ተቃጠለ፤ የእኛም። ትምህርት ቤቱን ግን መንግሥት ይፈልገዋልና ጣውላ በጣውላ ይነቀል ተባለ። የሠራው አባቴ፣ የነቀለውም አባቴ! እያንዳንዱ ምስማር ሲወጣ እንደ ጥርስ ይጮህ ነበር።

ቲቸር ታደሰ የተማረ ሰው ነው፤ ጣውላዎቹ ቦታቸው እንዳይጠፋ በጠመኔ ቁጥር ጻፈባቸው። አባቴ ደግሞ ቁጥር ስለማያውቅ በመጥረቢያ ጫፍ የራሱን ምልክት ጫር ጫር አደረገ። ካድሬው «ሁለት ምልክት ለምን? በቁጥሩ ነው የምንሄደው» አለ። ተማሪው ሁሉ ሁለት ሁለት እየሆነ ጣውላ ተሸክሞ ሲወርድ የጥር ዝናብ ወረደ። ጥር ላይ ዝናብ! ሜዳው ስንደርስ ጠመኔ የሚባል የለም። አባቴ «በእኔ ምልክት እናቁመው፣ ሁለት ቀን ስጡኝ» ቢል ካድሬው ቸኩሏል፤ ለጎብኚ የሚያሳየው መንደር አለው። በቃ፣ እጅ የደረሰበት ጣውላ ሁሉ ተተከለ።

ከዚያ በኋላ ያ ቤት ጤነኛ አልነበረም። ቲቸር ድሮ ግድግዳው ላይ ትልልቅ ፊደል በቀለም ጽፎ ነበር፤ አንዱ ፊደል ሁለት ጣውላ ላይ ያርፋል። አሁን የ«ሀ» ግማሽ ከ«መ» ግማሽ ጋር፣ የ«ጠ» ራስ ከማን እንደሆነ ከማይታወቅ እግር ጋር ተጋጥሞ ቆመ። እኛ ልጆች ይህ የጂን ፊደል ነው፣ እኛ ስንወጣ እነሱ ገብተው ይማሩበታል አልን። ቀትር ላይ ፀሐይ ሲመታው ግድግዳው «ቋ!» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ከሌላ ጥግ «ቋ!» ብሎ ይመልሳል። ቲቸር «እንጨት ሲደርቅ ነው» ይለናል። እኛ ግን ስም እየጠራ፣ የተጠራው «አቤት» እያለ ነው የሚመስለን፤ ማን ቀርቶ እንደሆነ ቤቱ እየቆጠረ ነው እንባባል ነበር። የከድር ስም ያለባት ጣውላ ከበሩ ርቃ በሰሜን ግድግዳ መሃል ገብታለች። ከእሷ በኩል ድምፅ ሲመጣ ጆሮዬን እደፍናለሁ።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ የአዋቂዎች ነው፤ መሠረተ ትምህርት። ያልተማረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አያገኝምና እናቴም ትሄዳለች። ወላሂ እንደ እሷ ሰነፍ ተማሪ አልታየም! ከኋላ ትቀመጥና ጀርባዋን ለከድር ጣውላ ሰጥታ ዝም። ቲቸር ታደሰ «እትዬ፣ ይቺ ፊደል ማን ናት?» ሲላት «ዓይኔ ያመኛል» ትላለች። አማርኛዋ ሲያልቅባት በኦሮምኛ ትሞላዋለች፤ ቲቸር የጎጃም ሰው ነውና ግራ ገብቶት ይስቃል። ጣውላዋን ተደግፋ ለመቀመጥ ብቻ እንደምትሄድ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

በልግ መጣ። አዲሱ መንደር ውስጥ ማገዶ የለም፤ ወደ ላይ ለመውጣት ደግሞ የሊቀመንበሩ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ለሴቶች ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ። አንድ ቀን ግን ማክሰኞም ሳይሆን፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ጠዋት ገመዴን ይዤ ሹልክ አልኩ። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ቤቴ ናፍቆኝ ይሆናል።

ከቡርቂቱ በላይ ወጥቼ ደረቅ አስታ ለቅሜ አስሬ ተሸክሜ ስወርድ ጉሙ ወረደ። እዚያ አገር ላይ ጅብራ የሚባል ተክል አለ፤ ከሰው ይረዝማል፣ በጉም ውስጥ ሲያዩት የቆመ ሰው ነው። ለምጄዋለሁና አልፈራሁም። ትምህርት ቤቱ የነበረበት ቦታ ስደርስ ወለሉ እንዳለ ነው፤ የተጠቀጠቀ፣ ለስላሳ። ግድግዳው የተነቀለበት ቦይ ዙሪያውን ይታያል፣ ውሃ ቋጥሯል። ግድግዳ የለም፣ ጣራ የለም፤ እኔ ግን ቦዩን መሻገር አቅቶኝ ዞሬ በበሩ ቦታ ገባሁ። ቦዩን ብሻገር ቲቸር በግድግዳ ስገባ የሚያየኝ መስሎኝ ይሆናል። ቁጭ የምልበት ቦታ ጋ ስደርስ ቀና አልኩ።

በእኛ ቤት ደጅ ሰው ቆሟል።

መጀመሪያ ጅብራ ነው አልኩ። ግን እኛ ደጅ ጅብራ አልነበረም። ጀርባውን ሰጥቶኛል፣ ራሱን በብርድ ልብስ ሸፍኗል፣ ፊቱ ወደ መስገጃው አቅጣጫ፣ ወደ ቂብላ፣ ወደ ተቃጠለው ቤታችን ነው። እጁን ወደ ጆሮው አነሳ። ይሰግዳል! ትንሽ ተረጋጋሁ፤ የሚሰግድ ሰው አይጎዳም። ሩኩዕ እስኪወርድ፣ ጎንበስ እስኪል ጠበቅኩ። አልወረደም። ቆሞ ቆሞ እንደገና እጁን አነሳ። አልታጠፈም። እንደገና። ስግደት ማለት ማጎንበስ፣ ግንባርን መሬት ማስነካት እንደሆነ ማንም ልጅ ያውቃል፤ ይህኛው ግን ወገቡ መታጠፊያ የሌለው ይመስል ደርቆ ይቆማል። ሦስተኛ ክፍል ነኝ፣ ያየሁትን ሁሉ እቆጥራለሁ፤ አራት ጊዜ እጁን ሲያነሳ ቆጠርኩ። ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ዞሮ ሲያሰላምት ድምፅ አልነበረውም። አያቴ በሕይወት ሳለች «ሰው የለቀቀውን ቦታ ጂን ይረከበዋል» ትል ነበር። ይኸው ተረክበውታል አልኩ! እንጨቴን ጥዬ፣ ገመዴን ጥዬ፣ እስከ ሜዳው ድረስ አንዴም ሳልዞር ሮጥኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። ያለ ፈቃድ ወጥቻለሁ፣ ገመድ ጥያለሁ፤ የጂኑን ያህል እናቴንም ፈርቻለሁ። ብቻ ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤቱ «ቋ!» ሲል እሱ መጣ እላለሁ።

ወር አልሞላም፣ እናቴ ደከማት። ሌላ ቃል የለኝም፣ ደከማት። አባቴ ክስት ብሎ፣ እንቅልፍ አጥቶ ሲያዛጋ አየችና አንድ ሐሙስ «በቃ፣ ስገዱና ልብህን አሳርፍ» አለችው። አባቴ አለቀሰ። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ ነገ ከድር ሊሞት ነው አልኩ። ያንን ሌሊት ነገ እንዳይነጋ ዱዓ አደረግሁ።

ነጋ። ከጁምዓ በኋላ ወንዶቹ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሜዳው ላይ በሰልፍ ቆሙ። መስጊድ ገና አልተሠራም። ሊቀመንበሩና ሁለት ታጣቂዎች ከሴቶቹ ትንሽ ራቅ ብለው ቆመዋል፤ ሰው ሲሰበሰብ አይቀሩም። ሼሁ እጃቸውን አነሱ፣ ሁሉም አነሳ። ልጅ ስለሆንኩ የሬሳ ስግደት አይቼ አላውቅም፤ ሩኩዕ እስኪወርዱ ጠበቅኩ። አልወረዱም። እንደገና እጃቸውን አነሱ። ያ ሁሉ ሰው፣ አባቴ ጭምር፣ ወገቡ ደርቆ ቆመ።

«ጂኑም እንዲህ ነበር የሰገደው!» አልኩ፤ ጮክ ብዬ ሳይሆን አይቀርም።

እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። «ምን አልሽ?»

«ቡርቂቱ ላይ… ጂን አይቻለሁ አዮ። እንደነሱ፣ ሳያጎነብስ…»

«የት ጋ ቆሞ?»

«በእኛ ደጅ። ወደ ቤታችን ዞሮ።»

እናቴ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ይህ ስግደት ለሞተ ሰው ብቻ እንደሚሰገድ እኔ አላወቅሁም፣ እሷ ታውቃለች። በተቃጠለ ቤታችን ፊት ቆሞ፣ እኛን ሞተዋል ብሎ የሚሰግድብን ሰው ማን አለ? አፏን ከፈተች። ያኔ ዓይኗ ታጣቂዎቹ ላይ አረፈ። ከጦር የከዳ ወታደር ከተያዘ ምን እንደሚደረግ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። የተከፈተ አፏን ዘጋች፤ በመዳፏ ደግሞ የእኔን አፍ ግጥም አድርጋ ይዛ ፊቴን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገችው። ስግደቱ እስኪያልቅ ለቀቅ አላደረገችኝም።

ከዚያ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ለቅሶ ተቀበለች። ሱብሃነላህ! ሴቶቹ እያለቀሱ ሲያቅፏት እሷ ዓይኗ ደረቅ ነው፤ «አላህ ሶብሩን፣ ትዕግሥቱን ሰጥቷታል» እያሉ አደነቋት። ሊቀመንበሩ ራሱ መጥቶ «የእናት ጀግና!» አላት፤ ከድርንም ከስም ዝርዝሩ ሰርዞ የሞተ ብሎ እንደሚጽፍ ነገራት። «ጻፍልኝ» አለችው። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እፈራታለሁ። ስለ ሞተ ልጅ እያወራች የእጇ ጣቶች በነጠላዋ ሥር የእኔን እጅ ይጨምቁ ነበር።

ማታ ሰው ሲሄድ ለአባቴ ነገረችው። አልተቀበላትም። «የልጅ ወሬ ነው፤ ዛሬ ያየችውን ነው የምታወራው» አለ። ዞሮ እኔን አየኝ። «እጁን ስንት ጊዜ አነሳ?»

«አራት።»

«ዛሬ ስንት ጊዜ አነሳን?»

«እኔ እንጃ። አዮ አፌንና ዓይኔን ይዛኝ ነበር፤ ሁለቴ ብቻ ነው ያየሁት።»

አባቴ ቁጭ አለ። «አራት ነው» አለ ቆይቶ። «የሬሳ ስግደት እጅ የሚነሳበት ተክቢራው አራት ነው።» ከዚያ እናቴ ስታለቅስ ሰማሁ። ቀኑን ሙሉ ያላለቀሰችውን ነው ያለቀሰችው። «ልጄ እኛን ቀብሮ ሄደ» ትላለች። «ብቻውን ቀብሮን ሄደ!»

ዘዴውን የዘየደችው እሷ ናት። ልጇ መቃብር የለውምና ስሙ ያለበት ጣውላ ለምልክት ቡርቂቱ ላይ እንዲተከል ሊቀመንበሩን ለመነችው። ሼሁ «ሬሳ ለሌለው ምልክት ምን ይባላል?» ብለው አጉረመረሙ፤ ሊቀመንበሩ ግን አዝኖላት ፈቀደ፤ ምልክቱንም በየማክሰኞው እንድትጎበኝ። የትኛው ጣውላ እንደሆነ አልጠየቃትም። አባቴ ጉጠትና መዶሻ ይዞ ትምህርት ቤት ገባ። ቲቸር ታደሰ በሩ ላይ ቆመ።

«አባ ከድር፣ ይህ እኮ የመንግሥት ንብረት ነው» አለው።

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ የጠረብኩት።»

ቲቸር ከድርን ስላንበረከከበት ቀን አስቦ ነው መሰለኝ፣ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ልጆች፣ ውጭ ወጥተን እንዘምር» አለን። እኛ ስንዘምር አባቴ ምስማሩን ነቀለ። በቦታዋ ያስገባት የባህር ዛፍ ጣውላ እንግዲህ ልጁ አሳየኝ ያልኳችሁ ናት። ያቺን አውጥቶ ወጥ ሊያደርግልኝ!

ጣውላዋ ከመሄዷ በፊት ግን እናቴ ተማሪ ሆነች። ያቺ ዓይኔን ያመኛል የምትል ሴት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ቲቸርን አላስቀምጥ አለችው። «አለን የሚለውን አሳየኝ» አለችው። አሳያት። ሦስት ፊደል ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ አመድ ላይ፣ ጭቃ ላይ፣ የሊጥ ሳህን ላይ እሱኑ ትጽፋለች። እኔ «ልጻፍልሽ አዮ» ብላት ተቆጣችኝ። «አንቺ ነሽ የወለድሽው?» ቲቸር «እትዬ፣ ሌላስ ፊደል?» ሲላት «ሌላው ይቆየኝ» አለችው። በኦሮምኛ ለምን አትጽፊውም ብዬ ስጠይቃት ከድር ማንበብ የተማረው በአማርኛ ነው አለችኝ።

ጣውላዋን አባቴ ቡርቂቱ፣ በተቃጠለው ቤታችን ደጅ ተከላት። «ከድር» የሚለው ፊት ወደ ታች፣ ወደ መንደሩና ወደ ታጣቂዎቹ መውጫ ያያል። ጀርባዋ ወደ ላይ፣ ወደ ሳነቴና ወደ ሃረና ጫካ ነው፤ የሚሸሸግ ሰው የሚመጣው በዚያ በኩል ነው። እናቴ በጀርባዋ በኩል ተንበርክካ በከሰል ጻፈች። እጇ ገና አልለመደምና «ለ»ዋ አንካሳ ሆነች። አለን።

በየማክሰኞው ወጣን። ዝናቡ ያጥበዋል፣ እሷ ትጽፈዋለች። ጉሙ ውስጥ ሆነን እንጠብቃለን፤ ማንም አይመጣም። እኔ አሁን ጂን አልፈራም፤ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። እሱ አንዴ ሰግዶብን ሄዷል። የሞተብህን ሰው ቤት ሁለት ጊዜ ማን ይጎበኛል? ይህን ለእናቴ ብነግራት እንደምትወድቅ ስለማውቅ አልነገርኳትም። ዛሬ ሳስበው እሷም ያንኑ እያሰበች ዝም ያለች ይመስለኛል።

ስድስተኛው ይሁን ሰባተኛው ማክሰኞ ላይ፣ ጉሙ ከወትሮው ወፍሮ፣ ጣውላዋ ጋ ስንደርስ እናቴ ከሰሏን ከመቀነቷ አውጥታ ተንበረከከች። እጇ አየር ላይ ቀረ። ባለፈው ሳምንት የጻፈችው ደብዝዟል። ከሥሩ ግን ትኩስ ጥቁር ጽሕፈት አለ፤ ቀጥ ያለ፣ የተማሪ እጅ ጽሕፈት። እኔ በዓይኔ አነበብኩት። ልናገር ስል እጇን አነሳችብኝ። ጣቷን ፊደሉ ላይ አስቀምጣ ቀስ እያለች ሄደች።

«አ… ለ…»

ሦስተኛዋን አልተማረቻትም። ጣቷ እሷ ላይ ቆመና ግንባሯን ጣውላዋ ላይ አስደገፈች። «አለሁ ይላል» አልኳት በሹክሹክታ። ራሷን ነቀነቀች። ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አላውቅም፣ እኔም ሁለቱንም አንድ ላይ እያደረግሁ ነበር።

ያኔ ከታች የሰው ሳል ሰማን። ታጣቂዎቹ እየወጡ ነው። እናቴ መዳፏ ላይ ምራቋን እንትፍ አለችና ጽሕፈቱን ጠረገችው፤ የእሷንም የእሱንም።

«አዮ!» አልኩ። «ለአባ ሳናሳየው? አባ ይየው!»

«ዝም በይ» አለችኝ። «ለእኔ ነው የጻፈው። አንብቤዋለሁ።»

ተነስታ በጣውላዋ ፊት በኩል ዞራ ቆመች። ከጉሙ ውስጥ ሁለቱ ታጣቂዎች ወጡ፤ ጠመንጃቸው ጤዛ ቋጥሯል። ትልቁ ሰውዬ ከስሙ ፊት ሲደርስ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሃዳ ከድር፣ አሁንም እዚሁ ነሽ? አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» አላት።

እናቴ የጠቆረ መዳፏን ጨብጣ ነጠላዋ ሥር ከተተችና «አሚን» አለች።